ባዶውን የሚጮኸው መጋዝ

ጠዋት ተነሥታ መጀመሪያ የምታደርገው መስኮት መክፈት ነበር። የታመቀው የቫርኒሽ ሽታ እስኪወጣ ሻይ ጣደች፣ ዳቦ ቆረጠች፣ ትናንት የቀባችውን ጠረጴዛ በጣቷ ጀርባ ነካ አድርጋ መድረቁን አየች። ደርቋል። ባሏ ፊቱን ታጥቦ መጣና መስኮቱ ሥር ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ አገጩንም ወደ ብርሃኑ ቀና አደረገ። እሷም ትንሿን መቀስ አንሥታ ሽፋሽፍቱን መከርከም ጀመረች።

«ዝም ብለህ ተቀመጥ፤ ዐይንህን አወጣልሃለሁ።»

«ተይው ይደግ። ጋሽ ቶርኖ ትናንት ምን አለኝ መሰለሽ? ‹አንተ ሰው፣ ሳትኳል እንዲህ ካማርክ፣ ብትኳልማ አገር ታምስ ነበር› አለኝ።»

«ጋሽ ቶርኖ መጀመሪያ የራሱን ፀጉር ከሄደበት ፈልጎ ያምጣ።»

ባሏ አናጢ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ያጋደለ በር ሠርቶ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ስለሆነ ሰፈሩ ሁሉ ሚሊ ይለዋል። እሱ የሠራውን ወንበርና ቁም ሣጥን ቫርኒሽ የምትቀባው እሷ ናት፤ ደንበኛው ሁሉ ቀቢዋ እያለ ይጠራታል። ቤታቸውም ሥራቸውም አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ታች ሚሊ ከጋሽ ቶርኖ ጋር የሚሠራበት የእንጨት ሥራው፣ ላይ የመቀቢያው ክፍልና መኖሪያቸው። መቀቢያው ፎቅ ላይ የሆነው በምክንያት ነው። እርጥብ ቫርኒሽ ላይ የሰጋቱራ ብናኝ ካረፈ የቀኑን ልፋት ውሃ በላው ማለት ነው።

የሽፋሽፍቱ ነገር ከመድኃኒቱ ጋር የመጣ ነው። ሚሊ ሲጋራ በአፉ ዞሮ የማያውቅ ሰው ሆኖ ሳለ የሳንባ ካንሰር ተገኘበት፤ ያውም የጀርባው አጥንት ላይ ከደረሰ በኋላ። በዚያን ጊዜ ደረጃ መውጣት አቅቶት ነበር። ከሳንባው በመርፌ ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ግን ካንሰሩን የሚነዳው አንድ የተበላሸ ዘረ መል ሆኖ ተገኘ፤ ያን ዘረ መል ለይቶ የሚመታ ክኒንም አለ ተባለ። ክኒኑን በጀመረ በጥቂት ሳምንት ከአልጋው ተነሣ፣ መጋዙን አስነሣ፣ ከጋሽ ቶርኖ ጋር መጨቃጨቅ ጀመረ። ፊቱ እንደ ጎረምሳ ፊት ብጉር አወጣ፣ የጥፍሮቹ ዙሪያ ቆሰለ፣ ሽፋሽፍቱ ረዘመ። «ለነፍሴ ዋጋ ይቺ ምን አላት» ይላል። ዓመት አልፎ ዓመት ተተካ።

ሻዩን ጠጥቶ ወደ ታች ወረደ። ቀቢዋም ብሩሿን ይዛ ለትምህርት ቤት ከታዘዘው መደርደሪያ አንዱን ጣውላ ፊቷ አጋደመች።

ታች መጋዙ ጮኸ።

ጣውላ የምትቀባ ሴት ዐይኗም እጇም ሥራ ላይ ስለሆነ ጆሮዋ ብቻ ነው ነፃ። ቀቢዋ ያን የኤሌክትሪክ መጋዝ የልጅ ድምፅ ያህል ታውቀዋለች። ሲነሣ ያፏጫል፤ እንጨት ሲገባለት ድምፁ ወርዶ ያጉረመርማል፤ እንጨቱ ሲያልቅ መልሶ ቀለል ይለዋል። የዛሬው ጩኸት ግን አልወረደም፣ አላጉረመረመም። እንደ ቀጠነ ቆየና ቆመ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ጮኸ። አሁንም ባዶውን።

እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ሳምንታት አልፈውታል። መጀመሪያ የሰማች ዕለት ምላጩን እየሞከረ ነው አለች። በሁለተኛው ሞተሩ አርጅቶ ይሆናል አለች። ከዚያ በኋላ ለራሷ የምትሰጠው ምክንያት አለቀባትና ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ መቀባቷን ቀጠለች። ከጩኸቱ ሥር ያለውን ነገር ታውቀዋለች። ሚሊ ያስላል። ሳሉ ሲመጣበት ሚስቱ እንዳትሰማ የመጋዙን ቁልፍ ይጫናል። እሱ እሷን እንዳያስደነግጥ ይደብቃል፤ እሷ ደግሞ መደበቁን ማወቋን ትደብቃለች። አፍ አውጥታ ካልተናገረችው ነገሩ እውነት የማይሆን ይመስላት ነበር።

የዛሬው ግን አላልቅ አለ። መጋዙ ይጮሃል፣ ይጮሃል፣ አይቆምም። የቀቢዋ እጅ ጣውላው መሐል ላይ ቀረ። ቫርኒሽ መሐል ላይ ከቆሙበት መሥመር ይሠራል፤ ያን መሥመር ለማጥፋት እንደገና ልጎ እንደገና መቀባት ነው። በሥራ ዘመኗ ሁሉ አንድም ጣውላ መሐሉ ላይ ትታ አታውቅም። ብሩሿን አስቀመጠችና ደረጃውን ወረደች።

ታች ጋሽ ቶርኖ የወንበር እግር በሚያሾረው ቶርኖ ማሽኑ ላይ አጎንብሷል። ለሚሊ የዕድሜ ልክ የሥራ ጓደኛው ነው፤ ከማሽኑ ስም ወርሷል፣ ለማሽኑ ጆሮውን ሰጥቷል። ቀቢዋን ሲያይ ዐይኑን ወደ እንጨቱ መለሰ።

«አንተም ታውቅ ነበር፣ ጋሼ?»

«እ? ጆሮዬ አይሰማም።»

«ሲመችህ ነው የማይሰማው።»

አልፋው ሄደች። ግድግዳው ላይ ያለውን ዋናውን የመብራት ማጥፊያ ያዘችና ወደ ታች ጎተተችው።

የቶርኖው ማሽን ቆመ። መጋዙ እያነሰ፣ እየቀጠነ ሄዶ ዝም አለ። ቤቱ ውስጥ የቀረው ሳሉ ብቻ ነበር፤ ደረቅ፣ ከሥር የሚጎትት፣ መጨረሻው ላይ የሚያፏጭ ሳል። ሚሊ በአንድ እጁ አፉን ይዟል፤ ሌላው እጁ አሁንም የመጋዙ ቁልፍ ላይ ነው። ሳሉ እስኪለቀው እንዳጎነበሰ ቆየ።

«መብራት ሄደ እንዴ?» አለ ቀና ሲል።

«አልሄደም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«ሥራ ላይ እኮ ነን፣ አንቺ ሴትዮ።»

«የምን ሥራ? እንጨቱ የታለ?»

ሚሊ ጠረጴዛውን አየ። ጠረጴዛው ባዶ ነው።

«ጉንፋን ነው» አለ።

«ጉንፋን በጨርቅ ይሸፈናል እንጂ በመጋዝ ነው እንዴ?»

«እኔ ነግሬዋለሁ» አለ ጋሽ ቶርኖ። «‹ሚስትህ የጉንዳን እርምጃ ትሰማለች፣ ተው ይቅርብህ› ብዬዋለሁ።»

«እንኳን ሰማህ፣ ጋሼ!»

ቀቢዋ ወደ ባሏ ጠጋ አለች። ሚሊ የምትለውን አስቀድሞ ያወቀ ይመስል እጁን አወራጨ።

«በዚያ መርፌ ሁለተኛ አልወጋም። ልንገርሽ። ብንሄድ የሚሉት ያንኑ ነው፤ ‹ናሙና›። ክኒኑ ሠርቷል። ሠርቶ ከደከመ ደከመ። ያገኘሁትን ቀን ኖሬበታለሁ።»

ያንን መርፌ እሷም አልረሳችውም። የመጀመሪያው ናሙና ሲወሰድ ሳንባው አየር አፍስሶ ተኮማተረ፤ ጎኑን በስተው ቱቦ አስገቡለት፤ እስትንፋሱን ሲፈልግ የነበረው ፊቱ አሁንም አንዳንድ ቀን ይመጣባታል። ግን አላለቀሰችም።

«ካልሄድክ ነገም አጠፋዋለሁ» አለችው። «ከነገ ወዲያም አጠፋዋለሁ። የትምህርት ቤቱን መደርደሪያ በእጅ መጋዝ ትቆርጠዋለህ።»

«ሞኝሽን ፈልጊ።»

«አገኘሁት እኮ። ባዶ መጋዝ ሲያስጮህ።»

ሚሊ ሳያስበው ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ጠረጴዛውን ይዞ አጎነበሰ። ሲበቃው ሽርጡን ፈትቶ ምስማሩ ላይ ሰቀለው።

«መብራቱን አብሪለት» አለ ወደ ጋሽ ቶርኖ እያመለከተ። «እሱ ምን አደረገ?»

*

ሐኪሟ ዕድሜዋ ለጋ፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ነገር የማታሳምር ሴት ናት። የሳንባውን ምስል አይታ ካንሰሩ አድጓል አለች። ካንሰሩ ክኒኑን ያሸነፈበትን ምክንያት ፍለጋ ከደሙ ወስዳ አስመረመረች፤ ከደሙ ምንም አልተገኘም።

«ካልተገኘ የለም ማለት ነው» አለ ሚሊ ተስፋ አግኝቶ።

«ደም ውስጥ አለመገኘቱ የለም አያሰኝም። ካንሰሩ ለምን ክኒኑን እንደማይፈራ ለማወቅ ከራሱ ቆርሰን ማየት አለብን።»

«በፊት የወሰዳችሁትስ? አስቀምጣችሁት የለ? እሱን እዩት።»

«የሠርግዎን ፎቶግራፍ አይቼ ዛሬ ምን እንደሚመስሉ ልናገር?»

ቀቢዋ ሳቋን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞረች። ሚሊ ግን አልሳቀም።

«ያን ጊዜ ሳንባዬ ፈነዳ፣ ዶክተር።»

«አውቃለሁ። አሁንም ሊሆን ይችላል፤ አይሆንም ብዬ አልዋሽዎትም። ቦታው ግን ሌላ ነው።» ማያ ገጹን ወደ እሱ አዞረችው። «የድሮው ጥልቅ ነበር። ይኸኛው ከደረትዎ ግድግዳ ሥር ነው። መርፌው ጤነኛ ሳንባ ውስጥ የሚሄደው ትንሽ ነው።»

«ትንሽ ማለት ስንት ነው?»

«ሁለት ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው።»

«በሚሊ ይንገሩኝ።»

«ሃያ።»

ሚሊ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን አለያይቶ ሃያ ሚሊ ሜትር ለካ። ያለ መለኪያ ነው የለካው፤ ስህተት እንደሌለበት ቀቢዋ ታውቃለች። ጣቶቹ መሐል ያለውን ክፍተት ለረጅም ጊዜ አየው።

«ሃያማ እኔም አልስትም» አለ። «ብቻ የሚወጋኝ ሰው እጁ እንዳይንቀጠቀጥ።»

በቀጠሮው ዕለት ቀቢዋ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀች። አንድ እግሩ አጥሮ ወንበሩ ይወዛወዛል። በሩ በተከፈተ ቁጥር ብድግ ትላለች። በመጨረሻ ሚሊን በተሽከርካሪ አልጋ አወጡት፤ ዐይኑ ክፍት ነው፤ እስትንፋሱ በሥርዓቱ ይሄዳል።

«አየሩ አልወጣም» አላት። ቀጥሎም አንገቱን አዘንብሎ አግዳሚውን አየ። «ይሄን የሠራው ማን ነው? እንዲህ ዓይነት ነገር ሠርቶ ሰው ፊት ይቀመጣል?»

እሷ ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው። በመሐረቧ አበሰችና ማንም ሳያይ ከተተችው።

ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ ወረቀት ላይ ቤት ሣለች። «ክኒኑ የፊቱን በር ዘግቷል፤ አሁንም እንደ ዘጋ ነው። ካንሰሩ ግን በጓሮ ሌላ በር ከፍቷል። ሌላ ዘረ መል ራሱን አብዝቶ ያንን መንገድ ሰጠው። የጓሮውን በር የሚዘጋ ክኒን አለ። ሁለቱን አብረው ይወስዳሉ።»

«በር መዝጋትማ ሥራዬ ነው» አለ ሚሊ።

ሁለተኛውን ክኒን ጀመረ። ሳሉ በአንድ ጊዜ አልለቀቀውም፤ እየሳሳ፣ እየራቀ ሄደ። በምትኩ እግሩ አበጠና ጫማው አልገባ አለው፤ የጋሽ ቶርኖን ሰፊ ነጠላ ጫማ ተበድሮ ሠራበት። ጥፍሮቹን ቀቢዋ ጠዋት ጠዋት በፕላስተር ትጠቀልልለታለች። የትምህርት ቤቱ መደርደሪያ አለቀ። ያንን መሐሉ ላይ መሥመር የወጣበትን ጣውላ ልጋ እንደገና ቀባችው፤ ታች መጋዙ እንጨት ይዞ ሲያጉረመርም እየሰማች።

ዝናቡ መጥቶ ሄደ። በሚቀጥለው ምርመራ ሌላው ሁሉ ባለበት ቆሞ አንድ እብጠት ብቻ አደገ። በዚህኛው ጊዜ ሚሊ ሳይደብቅ፣ እሷም ሳትሰማ ምስሉ ቀድሟቸው ነገራቸው። ሐኪሟ ብዕሯን አስቀምጣ ሁለቱንም አየቻቸው።

«ሦስተኛ በር?» አለ ሚሊ።

«ከእንግዲህ በር በር እያልን አንከተለውም። የሰውነትዎን የበሽታ መከላከያ እንቀስቅሰው። ካንሰሩ ‹የቤት ሰው ነኝ› እያለ ነው በአጠገቡ የሚያልፈው፤ አሁን የምንሰጥዎ መድኃኒት ያን ማታለያውን ይገፈዋል። ግን ልንገራችሁ፤ በእርስዎ ዓይነት ካንሰር ላይ ብቻውን ሲሰጥ ብዙ ጊዜ አይሳካም። ስለዚህ ከኬሞ ጋር፣ ደግሞም የካንሰሩን የደም ሥር ከሚያደርቅ መድኃኒት ጋር አብረን በክንድ እንሰጠዋለን። ለአንዳንዱ ሰው ይሠራል። ለአንዳንዱ አይሠራም።»

«ለእኔስ?»

«ሰጥተን እናያለን።»

ቀቢዋ ይህን «እናያለን» የሚባል ቃል ይዛ ወደ ቤት ሄደች። ሌላ የምትይዘው አልነበራትም።

መድኃኒቱ የሚሰጥበት ክፍል በረድፍ የተደረደሩ ሰፋፊ ወንበሮች አሉት። ሚሊ ክንዱን ዘርግቶ ጠብታውን እያየ ይቀመጣል፤ እሷ አጠገቡ ጋዜጣ ታነብለታለች፤ እሱ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ እሷ ታየዋለች። ኬሞው ፀጉሩን ወሰደ፤ ቅንድቡንም ያን ረጅም ሽፋሽፍቱንም ጠረገው። ጋሽ ቶርኖ ባየው ዕለት ማሽኑን አቁሞ ቆቡን አወለቀ፤ መላጣውን አሳየው።

«ተመስገን ነው። አሁን እኩል ሆንን።»

«ያንተ አይበቅልም፤ የእኔ ይበቅላል።»

«ይብቀል፣ ይብቀል! እኔ ምን አልኩ? ይብቀልና እንደገና ልቅና» አለ ሽማግሌው። ፊቱንም ቶሎ ወደ ማሽኑ መለሰ።

የኬሞው ዙር አልቆ ሌሎቹ ብቻ በቀጠሉበት ወራት ሚሊ ቀዘቀዘ። በጠራራ ፀሐይ ሹራብ ደርቦ ይሠራል። ድምፁ ሻከረ፤ ፊቱ አበጥ አበጥ አለ። አንድ የወንበር እግር በብርጭቆ ወረቀት ሲያሽ ሙሉ ጠዋት ይወስድበታል። አንድ ቀን ቀቢዋ ምሳ ይዛ ስትወርድ ራሱን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ሰጋቱራው ውስጥ ተኝቶ አገኘችው። እጇ ላይ ያለውን ሳህን የት እንዳኖረችው እንኳ አላስታወሰችም። ጥቁር ልብሷ በየትኛው ሻንጣ ውስጥ እንዳለ አሰበች። ማሰቧን ጠላችው።

ትከሻውን ነካችው።

«ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን።»

«መጋዝ አላስጮህኩም እኮ» አለ በሻከረ ድምፁ።

«እሱ ነው ያስፈራኝ።»

አልተከራከረም። ለእሷ ከሁሉ የከፋው አለመከራከሩ ነበር።

በነጋታው ደም ሰጠ፣ ሲቲ ስካን ተነሣ፤ ጥቂት ቆይተው ውጤት ለመስማት ተመለሱ። ሐኪሟ ሁለት ምስል ጎን ለጎን አወጣች። በግራው፣ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት በተነሣው ላይ፣ ነጩ እብጠት ጉልህ ሆኖ ይታያል፤ ቀቢዋ ዐይኗን ጨፍና እንኳ የት እንዳለ ታውቀዋለች። በቀኙ ምስል ላይ ያንን ቦታ ፈለገችው። አጣችው። ሌላ ምስል የምታይ መሰላት።

«የታለ?» አለች።

«የለም» አለች ሐኪሟ።

«እንዴት የለም? ይቺ ነጭ ነገርስ?»

«ጠባሳ ናት። አጥንቱም ላይ አዲስ ነገር የለም። ደጋግሜ አየሁት፣ የምስል ሐኪሙም አይቶታል። በምስሉ ላይ የሚታይ ካንሰር የለም።»

ሚሊ ሹራቡን ወደ ደረቱ ሰብስቦ ተቀምጧል። ቀቢዋ የሰማችውን ማመን አቃታት።

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው? አያዩትም? ይተኛል፣ ይበርደዋል፣ እጁ አይታዘዘውም። እኔ እኮ እየሄደብኝ ነው ብዬ…» አልጨረሰችውም።

«ያቀዘቀዘው ካንሰሩ አይደለም።» ሐኪሟ እጇን ወደ ራሷ አንገት ወስዳ አሳየቻት። «እዚህ ላይ ታይሮይድ የምትባል ዕጢ አለች፤ ሰውነታችንን የምታሞቀውና የምታነቃው እሷ ናት። የቀሰቀስነው መከላከያ ካንሰሩን ሲመታ እሷንም መትቷታል። በዚህ መድኃኒት የሚያጋጥም ነገር ነው። ደሙ ላይ በግልጽ ይታያል። የጎደለውን ሆርሞን እንተካለታለን፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይነቃል።»

«የተመታው አንገቴ፣ የዳነው ሳንባዬ?» አለ ሚሊ።

«ዳነ የሚለውን ቃል ገና አልናገርም። እየተከታተልን እንቆያለን። የዛሬው ግን የዛሬ ነው፤ ይደሰቱበት።»

ወደ ኮሪደሩ ሲወጡ የቀቢዋ ስልክ ጮኸ። ጋሽ ቶርኖ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ማሽኑን ሳያስነሣ ስልኩን እያየ ነው የዋለው።

«እሺ? ምን አሉ?»

«የለም አሉ!»

«እ? ጮክ በይ እንጂ!»

«የለም! የለም አልኩህ!»

«ማን ነው የሌለው? አንቺ ልጅ፣ ነፍሴን አታውጪያት፤ ማን ነው የሌለው?»

«ካንሰሩ!» ብላ ጮኸች። ያቺ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት፣ ወረፋ በሚጠብቁት ሰዎች ሁሉ ፊት ጮኸች። «ካንሰሩ የለም፣ ጋሼ! ካንሰሩ ነው የሌለው!»

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ራሷን በሻሽ የጠቀለለች አንዲት ሴት ከወንበሯ ተነሥታ «እሰይ! እሰይ! ለእኛም!» አለች፤ አጠገቧ ያለው ሰው ተቀበላት፤ ነርሷ ዝም በሉ ለማለት ከበሩ ብቅ ብላ እሷም ፈገግ አለች። ስልኩ ውስጥ ጋሽ ቶርኖ ይሳደባል፣ ያመሰግናል፣ ያለቅሳል፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም። ሚሊ ሹራቡን እንደ ደረበ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«ደንበኛ ያስደነገጥሽ እንደሆነ» አላት በዚያ በሻከረ ድምፁ፣ «ሐኪም ቤቱ ከእንግዲህ አያስገባንም።»

«አያስገቡን! እሰየው ነው!»

ክንዷን ሰጠችው፤ ያዘው። ደረጃውን ሁለቱም እኩል ወረዱ።

ሆርሞኑን ከጀመረ ወዲህ ሚሊ ሹራቡን አውልቋል። ድምፁ ተመልሷል፤ ከጋሽ ቶርኖ ጋር ይጨቃጨቅበታል። ሐኪሟ በየጊዜው ምስል ታነሣለች፤ በምስሉ ላይ ካንሰሩ የለም። አንገቱ ላይ ያለችው ታይሮይድ ዕጢ ሥራ አቁማለች፤ አትመለስም፤ ሆርሞኑን ዕድሜ ልኩን ይወስዳል።